የሆልሳንድስ መንደርና የባሕር ዳር ጠጠርዋ

በእንግሊዝ አገር በደቡብ ምዕራብ በኩል፥ በዴቨን አውራጃ፥ ስታርት ፖይንት በተባለው ወደ ባሕር ዘልቆ በገባ ምድር አጠገብ፥ ሆልሳንድስ የምትባል አነስተኛ መንደር ነበረች። አጥቢያዋ ስቶክንሃም ሲሆን፥ በ1891 ዓ. ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው) 37 ቤቶችና 159 ነዋሪዎች ነበሩባት። ሰዎቿም ከአባት ለልጅ በተላለፈ ሙያ ሸርጣንና ዓሣ እያጠመዱ ይኖሩ ነበር። ቤቶቻቸው ከገደሉ ሥር ከባሕሩ አፋፍ ላይ የተሠሩ ስለ ነበሩ፥ ከማዕበል የሚጋርዳቸው በፊታቸው የተንጣለለው የጠጠር ክምር ነበር።

በ1890ዎቹ ዓመታት መንግሥት በፕሊመዝ አቅራቢያ የሚገኘውን የጦር መርከቦች ማደሻ ለማስፋፋት ስላሰበ፥ ለግንባታው ብዙ ጠጠር አስፈለገው። በ1897 ዓ. ም. ሥራ ተቋራጩ ከዚሁ ባሕር ዳር ጠጠር መዛቅ ጀመረ። ዓሣ አጥማጆቹም ወዲያው አቤት አሉ። ይሁን እንጂ የተወሰደውን ባሕሩ ራሱ መልሶ ይተካዋል ተብሎ ስለ ታመነ፥ ነገሩን የመረመሩት ሹማምንት ሥራው እንዲቀጥል ፈቀዱ።

ያ ጠጠር ግን የበረዶ ዘመን ካለፈ በኋላ፥ የባሕሩ ወለል ከፍ እያለ ሲመጣ የተከማቸ ጥንታዊ ሀብት ነበርና ምትክ አልነበረውም። 650,000 ቶን ያህል ተዛቀ፤ የባሕሩም ዳር እየጐደጐደ ሄደ። በ1900 ዓ. ም. በመጸው ወራት የመከላከያው ግንብ ከፊሉ ተናደ። ሕዝቡ እንደገና ቢጮኽም፥ ፈቃዱ የተሰረዘው በ1902 ዓ. ም. ነው።

በጃኑዋሪ 26 ቀን 1917 ዓ. ም. የሰሜን ምሥራቅ ዐውሎ ነፋስና የባሕሩ ሙላት በአንድነት መጡ። ነዋሪዎቹ ወደ ገደሉ ሸሽተው አንድም ነፍስ ሳይጠፋ ተረፉ፤ ለመኖሪያ የሚሆን ቤት ግን ከአንድ በቀር አልቀረም። በዚያ ቤት ኤልዛቤት ፕሬትጆን የተባለች ሴት እስከ 1964 ዓ. ም. ኖራለች። ለተፈናቀሉት አዳዲስ ቤቶች የተሠሩት በ1924 ዓ. ም. ነበር።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። የሆልሳንድስ ሰዎች አደጋውን ከሃያ ዓመት በፊት አይተው ተናግረው ነበር። ትምህርት ቤት ያልገባው ዓሣ አጥማጅ ስለ ገዛ ባሕሩ ያወቀውን መርማሪው አላወቀም። ስለዚህ የአካባቢን ታሪክ የሚያስተምር መምህር ተማሪዎቹን አስቀድሞ ወደ መንደሩ ሽማግሌዎች ቢልካቸው፥ ከመጽሐፍ የማይገኝ ዕውቀት ያተርፋሉ።