ሽፍታው፣ አጭበርባሪውና ዘፈኑ

ከደሴ በስተሰሜን የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት፣ በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን፣ ታላቅ የትምህርትና የመጻሕፍት ማእከል እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በአገራችን ገዳማት የብራና መጻሕፍት ላይ፣ መጽሐፉን የሰረቀ ወይም የፋቀ ሁሉ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል ተጽፎ ይገኛል። የተጻፈው ቃል ሌባን እንዲህ ሲረግም፣ በዚያው አገር ስሙን ለቅኝት ባወረሰው በአምባሰል ግርጌ ማሲንቆውን የሚገዘግዘው አዝማሪ ግን ሕግ የጣሰውን ሁሉ አልረገመም።

ሽፍታ የሚለው ቃል ሁለት መልክ ነበረው፤ መንገደኛን የሚዘርፍም፣ ግፍን እምቢ ብሎ ጫካ የሚገባም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ካሳ ኃይሉም ከዙፋን በፊት ሸፍተው ነበር። ቀረርቶውና ፉከራው የሚያወድሰው ስሙን ጠርቶ፣ ፊት ለፊት የሚቆመውን ነው። ተደብቆ የሚሰርቀው ግን ሕዝብ ተሰብስቦ በአውጫጭኝ የሚያጋልጠው እንጂ የሚዘፈንለት አልነበረም። ይሁን እንጂ በሬው የተነዳበት ገበሬ በፉከራው ውስጥ ድምፅ እንዳልነበረው ልብ ማለት ይገባል።

ይህ ጉድለት በዘመናችን በሌላ አገር ጎልቶ ታይቷል። በናይጄሪያ በኢንተርኔት የሚያጭበረብሩ ወጣቶች ያሁ ቦይስ ይባላሉ፤ ስሙ የመጣው ከያሁ የኢሜይል አገልግሎት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ተዋናዩ ንከም ኦዎህ የዘፈነው «አይ ጎ ቾፕ ዩር ዶላር» የተታለለውን የውጭ አገር ሰው መሳለቂያ አደረገው። በ2007 ኦሉ ሜንቴን ያወጣው «ያሁዜ» ደግሞ የቅንጦት ኑሮን ከዳንስ ጋር አቀረበ፤ ዘፋኙ ማጭበርበርን አላወደስኩም ቢልም ብዙዎች የተረዱት በዚያው መንገድ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌሎች ሙዚቀኞች ተባብረው «ማጋ ኖ ኒድ ፔይ» በሚል መልስ ሰጡ። ማጋ ማለት በአጭበርባሪዎች ቋንቋ ተታላዩ ሰው ነው። ክርክሩ እንግዲህ በዘፈን ተጀምሮ በዘፈን ቀጠለ።

አጭበርባሪውን የሚከላከሉ ወገኖች፣ ባርነትና ቅኝ ግዛት ያደረሱትን በደል እንደ ካሳ ምክንያት ያቀርባሉ። በደሉ እውነት ነው። ነገር ግን ገንዘቡን የሚያጣው የትናንቱ ቅኝ ገዢ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ባል የሞተባት አሮጊት ወይም ሥራ ፈላጊ ወጣት ነው፤ ከነዚህም መካከል የገዛ ወገኑ ብዙ ነው።

በእኛም አገር የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ታውጇል፤ በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህም ገንዘብ በስልክ መላክ የገጠሩም ሰው ልማድ እየሆነ ነው። ሽልማት ደርሶሃል ብሎ የምሥጢር ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ሽፍታ የነበረውን ድፍረት እንኳ የለውም፤ ስሙንም ፊቱንም ደብቆ፣ የሚተማመነው በሰው ቅንነት ነው። ስለዚህ የሽፍታው ውዳሴ ለእርሱ በውርስ ሊተላለፍ አይገባም።

እኛ በሕግ ሙያ ያለን ሰዎች ቅጣትን እንናገራለን፤ ዘፈን ግን ማን እንደሚከበርና ማን እንደሚታፈር ይናገራል። የተታለለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከኪሳራው ይልቅ እፍረቱን ፈርቶ ዝም ይላል፤ አቤቱታ ከሌለም ክስ የለም። የታሪክ ነገር ይዜምበታል በሚባለው በአምባሰል ቅኝት አንድ ባለሙያ የዚህን ሰው ጉዳት ቢያዜምለት፣ ከሳሽ ሆኖ ለመቆም ድፍረት ያገኝ ይሆናል።