ምድጃና የአካባቢ ጥበቃ በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ

በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ አካባቢን የማይጎዳ የዕለት ተዕለት ኑሮ የሚጀምረው ከምድጃ ነው። በገጠሩ ምጣድ በአብዛኛው የሚጣደው በሦስት ጉልቻ ላይ ሲሆን፣ ነበልባሉ በየጎኑ ስለሚያመልጥ ከማገዶው ሙቀት ብዙው ይባክናል፤ ጭሱም ለጋጋሪዋ ዓይን፣ ጥቀርሻውም ለጣሪያው ይተርፋል። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይተካዋል። ተጠፍጥፎ ፀሐይ ላይ የሚደርቀው እበት ግን ለገብሱና ለድንቹ ማሳ ማዳበሪያ ይሆን ነበር። ስለዚህ ማገዶ መቆጠብ ደንን ብቻ ሳይሆን አፈርንም ማዳን ነው። ዙሪያው የተዘጋው ምርጥ ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጀራ መጋገሪያ ማገዶን እስከ ግማሽ ይቀንሳል።

ዝግ ምድጃ ቤት አያሞቅም፣ ገንዘብም ይጠይቃል የሚለው ቅሬታ እውነትነት አለው፤ የደጋ ብርድ ቀላል አይደለም። ሆኖም የጉልቻ ሙቀት የሚመጣው ከጭስ ጋር ነው፤ ጭሱን አብዝተው የሚተነፍሱትም እናቶችና ሕፃናት ናቸው። ባሕር ዛፍ መትከል ይበቃል ለሚሉም፣ ዛፉ ውኃ ስለሚሻማ ከምንጭና ከማሳ ዳር መራቅ እንዳለበት ማስታወስ ይገባል። ጥቂት ቤቶች ምን ይለውጣሉ ለሚል ጥያቄ መልሱ የአካባቢው ብሔራዊ ፓርክ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1996 አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች ተርታ ገብቶ የወጣው በ2017 ነው። የፓርኩን የዱር እንስሳ ዋሊያን ለስጋት የዳረጉት የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት ከየቤቱ ፍላጎት የተጠራቀሙ ነበሩ፤ መፍትሔውም የሚጠራቀመው ከየቤቱ ነው።