ጋዜጠኝነትና የሕዝብ ግንኙነት በአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች

በአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚባለው የሁለት ዓመት ትምህርት መነሻው እ.ኤ.አ. በ1901 ኢሊኖይ ውስጥ የተከፈተው ጆሊየት ጁኒየር ኮሌጅ ነው። የተቋቋመው የዩኒቨርሲቲን የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት ተማሪው ከቤቱ ሳይርቅ እንዲጨርስ ነበር። በዚያ ዘመን ጋዜጠኝነት በአብዛኛው ክፍል ገብተው የሚማሩት ሙያ አልነበረም፤ ወጣቱ ጋዜጣ ቤት በተላላኪነት ይገባና ከቀደሙት እያየ ይለምዳል። ሁኔታው መለወጥ የጀመረው በ1908 የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ሲከፈት ነው። መሥራቹ ዋልተር ዊሊያምስ የኮሌጅ ዲግሪ የሌለው ጋዜጠኛ ነበር። ተማሪዎቹም ትምህርት በተጀመረበት ቀን የራሳቸውን ጋዜጣ አወጡ። የሁለት ዓመት ኮሌጆችም በኋላ የተከተሉት ይህንኑ መንገድ ነው፦ ሙያው የሚለመደው ጋዜጣ በማውጣት ነው።

የሕዝብ ግንኙነት ሙያም የተወለደው ከጋዜጣ ቤት ነው። አይቪ ሊ የኒው ዮርክ ዘጋቢ ነበር። በ1906 አትላንቲክ ሲቲ አጠገብ የፔንሲልቬንያ ምድር ባቡር ኩባንያ አደጋ ሲደርስበት፣ አማካሪው የነበረው ሊ ኩባንያው ነገሩን ከመሸሸግ ይልቅ ለጋዜጦች መግለጫ እንዲልክ አደረገ። ይህ ጽሑፍ በታሪክ የመጀመሪያው ጋዜጣዊ መግለጫ ተብሎ ይጠቀሳል። በ1923 ደግሞ ኤድዋርድ በርኔስ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ግንኙነትን ማስተማር ጀመረ።

ኮሌጆቹ የተስፋፉት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1944 የወጣው ሕግ ከጦር ሜዳ ለተመለሱ ወታደሮች የትምህርት ወጪ ሸፈነ፤ በ1947 የፕሬዚዳንት ትሩማን የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች በየአካባቢው እንዲስፋፉ መከረ። ቀን ሠርቶ ማታ የሚማረው ሰው ዜና አጻጻፍን፣ አርትዖትንና የመግለጫ ዝግጅትን በአንድ ክፍል፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ መምህር ተማረ። የትንሽ ከተማ ጋዜጣ፣ ሆስፒታሉና ማዘጋጃ ቤቱ የሚፈልጉት ይህንኑ ችሎታ ስለነበር ትምህርቱ ከሥራው ጋር ገጠመ።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተማሪዎች ጋዜጣ የሚሰናዳበት ክፍል ዎርክሾፕ ይመስል ነበር። በአምድ ልክ የታተመው ወረቀት በምላጭ ይቆረጣል፤ ጀርባው ሰም ይቀባና ካሜራ በማያነሳቸው ፈዛዛ ሰማያዊ መስመሮች ላይ ይለጠፋል። ርዕስ የሚሰጠው ተማሪ ፊደል ይቆጥራል፦ ትንሹ ኤምና ደብሊው አንድ ተኩል፣ ኤልና አይ ግማሽ፣ ሌላው በአመዛኙ አንድ። ቁጥሩ ከአምዱ ስፋት ካለፈ ርዕሱ እንደገና ይጻፋል። ቃል መቆጠብን ከዚህ በተሻለ የሚያስተምር መጽሐፍ ማግኘት ይከብዳል።

ሁለቱን ሙያዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ማስተማር ግን አንድ ትልቅ ጥያቄ አስነሳ፦ የተማሪዎቹ ጋዜጣ የማን ነው? ለብዙ የኮሌጅ አስተዳዳሪዎች ጋዜጣው የኮሌጁን መልካም ስም የሚጠብቅ የማስታወቂያ ሥራ ነበር። በ1967 አላባማ በሚገኘው ትሮይ ስቴት ኮሌጅ የተማሪዎች ጋዜጣ አዘጋጁ አገረ ገዢንና ሕግ አውጪዎችን መንቀፍ አይፈቀድም በሚል ደንብ አንድ ርዕሰ አንቀጽ እንዳያወጣ ተከለከለ። ርዕሱን ብቻ አትሞ ቦታውን ባዶ ተወው፤ በባዶው ላይም «ሳንሱር ተደርጓል» የሚል ቃል በሰያፍ አሰፈረበት። ኮሌጁ ለሚቀጥለው የትምህርት ዘመን አልቀበልህም ቢለውም፣ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ ፍራንክ ጆንሰን እንዲመለስ ወሰኑ። ኮሌጁ የአራት ዓመት ቢሆንም፣ የዚህና የተከታዮቹ ውሳኔዎች መንፈስ የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጆች ጋዜጦችንም ጠቀመ። ውጤቱ ለትምህርቱ ትልቅ ነው፤ ተማሪው የኮሌጁን መግለጫ ማዘጋጀትንም፣ ያንኑ መግለጫ አጣርቶ መጠየቅንም በአንድ ጊዜ መለማመድ ቻለ።

በ1985 ፔጅሜከር የተባለው ፕሮግራም ሲወጣ ሰሙና ምላጩ ከክፍሉ ቀስ በቀስ ወጡ፤ የገጽ ቅንብር ወደ ኮምፒውተር ተዛወረ። ወደ ዩኒቨርሲቲ የመዛወሩ ጉዳይም በኋላ መልክ ያዘ። ቀድሞ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የሚዛወር ተማሪ ከወሰዳቸው ኮርሶች ከፊሉ ሳይቆጠርለት ይቀር ነበር፤ ካሊፎርኒያ በ2010 ባወጣችው ሕግ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆቿ ወደ ግዛቲቱ ዩኒቨርሲቲ የሚያሻግር የሁለት ዓመት ዲግሪ እንዲሰጡ አደረገች፤ ጋዜጠኝነትም ዲግሪው ከሚሰጥባቸው የትምህርት ዘርፎች አንዱ ሆነ።