በሬጉላር ኤክስፕሬሽን እያስፈቀዱ መፈለግና መተካት

በጽሑፍ አርታዒ ፕሮግራም ውስጥ፣ በምልክቶች ከተገለጸ ንድፍ (ሬጉላር ኤክስፕሬሽን) ጋር የሚገጥመውን ሁሉ እየፈለገ እያንዳንዱን ከመለወጡ በፊት ተጠቃሚውን የሚጠይቅ አሠራር ነው። የሬጉላር ኤክስፕሬሽን ጽንሰ ሐሳብ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከአሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ስቲቨን ክሊኒ የመነጨ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ኬን ቶምሰን ለጽሑፍ አርታዒ አውሎታል። በኢማክስና በቪም አርታዒዎች ተጠቃሚው ለውጡን ሊቀበል፣ ሊያልፍ፣ የቀረውን ባንዴ ሊያስለውጥ ወይም ሊያቆም ይችላል።

የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ዘዴው ለአማርኛም ያገለግላል፤ በተለይ አጻጻፋቸው ለሚለያይ የቦታ ስሞች። በደቡብ ጎንደር ስማዳ «ሲማዳ»፣ እስቴ «ኢስቴ»፣ ላይ ጋይንት «ላይጋይንት» ተብለውም ይጻፋሉ። በቅንፍ ካሉት ፊደላት አንዱን የሚቀበለው «[ስሲ]ማዳ» ሁለቱንም የስማዳ አጻጻፎች ያገኛል። «[እኢ]ስቴ» ግን «ሪል እስቴት» የሚለውንም ስለሚነካ ሳያስፈቅዱ መተካት አደገኛ ነው። ፍለጋውን በሙሉ ቃል መገደብም ብዙ አይረዳም፤ «በ»፣ «የ» እና «ከ» ከስሙ ጋር ተጣብቀው ስለሚጻፉ «ከእስቴ» ይታለፋል። ከቦታ ስሞች ውጭም፣ «[ሠ-ሦ]» ሰባቱንም የ«ሠ» ድምፆች በአንድ ንድፍ ያገኛል፤ ወደ «ሰ» ቤት ለመለወጥ ግን መተኪያው ቋሚ ጽሑፍ ከሆነ ለየድምፁ የተለየ ትእዛዝ ያስፈልጋል።