ስድብ፣ ወቀሳና «በሕግ አምላክ»

በዕድራችን መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ማንም ሳይከራከርበት የሚያልፈው አንድ አንቀጽ አለ፤ ይኸውም በስብሰባ ላይ የተሳደበ አባል ይቀጣል የሚለው ነው። ቅጣቱ ስንት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስድብ ማለት ምን እንደሆነ ግን ደንቡ አይናገርም። ነገሩ ካቻምና ስላጨቃጨቀን፣ ዘንድሮ በመጽሔታችን ጥቂት ወደ ኋላ ሄደን ታሪኩን ማንሳት ፈለግን።

በአገራችን ስድብን በአዋጅ ከከለከሉት ነገሥታት አንዱ ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። በዚያ ዘመን ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚያወጣው «ጠይብ»፣ ጽሕፈት የሚያውቀው «ጠንቋይ» እየተባለ ይሰደብ ነበርና፣ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን የሰደበ እኔን እንደ ሰደበ ይቆጠራል ብለው የአንድ ዓመት እስራት ወሰኑበት። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ማረሻውን እየፈለጉ ሠሪውን መናቅ! ስድቡ በአንድ አዋጅ አልጠፋም። ብዙዎቻችን በልጅነታችን ሰምተነዋል፤ እውነቱን እንናገር ካልንም ብለነዋል። ቢሆንም አዋጁ የቆመው ለተሰዳቢው፣ ለተናቀው ሰው ነበር።

መቼም ጠንከር ያለ ቃል ሁሉ ስድብ አይደለም። «ምኒልክ ይሙት!» ሲባል ለእንግዳ ጆሮ እርግማን ይመስላል፤ ለእኛ ሰው ግን የጸና መሐላ ነበር። ንጉሡ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. አርፈው ሞታቸው ተደብቆ ስለ ቆየ፣ በሞተ ሰው «ይሙት» እየተባለ ሳይማል አልቀረም። ኋላም «ኃይለ ሥላሴ ይሙት» ተባለ። የተጣላን ሰው ባለበት የሚያቆመው ቃል ደግሞ «በሕግ አምላክ!» ነው።

ሌላው አጥር ግን የታጠረው ለላይኛው ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በሕግ መሠረት የመናገርን ነፃነት ሲፈቅድ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ክብር የማይደፈር መሆኑንም ደንግጎ ነበር። ስለዚህ ወቀሳ በቀጥታ አይሄድም፤ በሰምና ወርቅ ተሸፍኖ፣ በአዝማሪ አፍ ዞሮ ነው የሚደርሰው። ታፍኖ የከረመ አፍ ሲከፈት ደግሞ ልክ የለውም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ በቮልስዋገን ተሳፍረው ከቤተ መንግሥት ሲወሰዱ፣ መንገድ ላይ የነበረው ሕዝብ «ሌባ! ሌባ!» ብሎ ጮኸ። በተከታዩ መንግሥት ዘመን እንኳን ስድብ፣ ሹክሹክታም ያስፈራ ነበር። ሳንሱር በአዋጅ የተከለከለው በ1985 ዓ.ም. ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ሐሳብን በነፃ መግለጽን ሲፈቅድ፣ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ገደብ ሊደረግበት እንደሚችል ጨምሮ አስቀምጧል።

ወደ ዕድራችን እንመለስ። ካቻምና በጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንዲት እናታችን የድንኳን ኪራዩን ሒሳብ ቢጠይቁ መልስ አጡ። ደግመው ጠየቁ፤ «ተራዎን ይጠብቁ» ተባሉ። በሦስተኛው «በላችሁት እንጂ፣ ሌቦች!» ብለው ተነሡ። ገንዘብ ያዣችን ከመቀመጫቸው ዘለው ቆሙ፤ ሰብሳቢው «በሕግ አምላክ!» አሉ። ወዲያው አንቀጹ ተነበበ፣ ቅጣቱ ተወሰነ፣ ስብሰባውም ወደ ሌላ ጉዳይ ሊያልፍ ነበር። ብዙዎቻችን፣ ይህን የምንጽፈውም ጭምር፣ ዝም ብለን ነበር። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ግን «ስለ ቃላቸው ይቀጡ፤ ጥያቄያቸው ምን አጠፋ?» አሉ።

እናታችን ቅጣቱን ከመቀነታቸው ፈትተው ከፍለው ተቀመጡ። ሒሳቡም ተነበበ፤ የሁለት ኪራይ ደረሰኝ አልተገኘም።