እየተገኘ የሚጠፋው የሴት አካል

አዲስ አገር «አገኘሁ» ብሎ ባንዲራ የሚተክል ሰው፣ እዚያው ተወልደው ያደጉትን ባለአገሮች መጠየቅ አይወድም። እ.ኤ.አ. በ1559 ቬኒስ ላይ የታተመው የሬያልዶ ኮሎምቦ የአካል ጥናት መጽሐፍም ከዚህ የተለየ አይደለም። (አሜሪካን አገኘ ከሚባለው መርከበኛ ጋር ሞክሼ መሆኑ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው።) ኮሎምቦ በዚህ መጽሐፉ ማንም ልብ ያላለውን የሴት አካል እንዳገኘ፣ የሴት ልጅ የሩካቤ ደስታ መቀመጫም ይኸው እንደሆነ ካተተ በኋላ፣ በሮማውያን የፍቅር አምላክ በቬነስ ስም ሰየመው።

እኛ በአማርኛ ቂንጥር የምንለው ነው። ቃሉ ያስደነገጠው አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔም በነጥብ ነጥብ ልለፈው ወይስ ልጻፈው እያልኩ ጥቂት አመንትቻለሁ። ነገር ግን ስለ ጉበት የሚጽፍ ሰው ጉበት ማለቱ አይቀርም። ቃሉን ከስድብ በቀር ሌላ ሥራ ያሳጣነው እኛው ነን።

ኮሎምቦ በዚያው ዓመት ሞተ፤ ጠቡ ግን አልሞተም። የማሕፀን ቱቦዎች በስሙ የሚጠሩለት የፓዱዋው መምህር ጋብሪኤሌ ፋሎፒዮ በ1561 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቀድሜ ያገኘሁት እኔ ነኝ ሲል ተነሣ። የዘመኑ የአካል ጥናት አባት የሚባለው ቬሳሊየስ ደግሞ ሁለቱንም አላመነም፤ እንዲህ ያለው የማይረባ ነገር ጤናማ ሴት ላይ አይገኝም አለ። የሚገርመው የጥንት ግሪኮች ሐኪሞች ከእነዚህ ሰዎች ከሺህ ዓመት በላይ ቀድመው አካሉን ከነስሙ ያውቁት ነበር። ሴቶችማ የማንንም ደብዳቤ አልጠበቁም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ማግኘትና መጣል ነው። ሆላንዳዊው ደ ግራፍ በ1672፣ ጀርመናዊው ኮቤልት በ1844 በውስጥ የተሸሸገውን ክፍል ሳይቀር በጥንቃቄ ገለጹት። የኮቤልት መጽሐፍ ከወጣ ሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ግን አይዛክ ቤከር ብራውን የሚባል የለንደን ቀዶ ሐኪም፣ የሚጥል በሽታንና «የነርቭ ሕመምን» ይፈውሳል እያለ ይህንኑ አካል ከሴቶች ቆርጦ እንደሚያወጣ በመጽሐፍ አሳተመ። በ1867 የሙያ ማኅበሩ አባረረው። ግርዛት የእኛ የጥቁሮች ኋላቀርነት ብቻ የሚመስለው ሰው ይህንን የለንደን ወሬ ቢያውቀው አይከፋም።

ቀጥሎ ፍሮይድ መጣ። በ1905 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የበሰለች ሴት ደስታዋን ከውጭው ወደ ብልቷ ውስጥ ታዛውራለች አለ፤ አላዛወረችም ማለት አልበሰለችም ማለት ሆነ። ይህ አሳብ ስንት ባለትዳር ሴት በራሷ ላይ እንድትፈርድ እንዳደረገ ማን ቈጥሮ ይጨርሰዋል? አንዷን ግን እናውቃታለን። ማሪ ቦናፓርት ከናፖሊዮን ወንድም ዘር የምትወለድ፣ የግሪክ ልዑል ያገባች ባለጸጋ ነበረች። በ1924 በብዕር ስም ባወጣችው ጥናት የ243 ሴቶችን አካል በመለኪያ አስለክታ፣ ችግሩ የርቀት ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰች። በ1927 ቪዬና ውስጥ አካሏን በቀዶ ጥገና አዛወረች። አልጠቀማትም። ደገመችው፤ አሁንም አልጠቀማትም። ገንዘብም ትምህርትም ያላት ሴት፣ አንድ የተሳሳተ ንድፈ አሳብ አምና ሥጋዋን አስቈረጠች።

ማስተርስና ጆንሰን በ1966 ባሳተሙት የቤተ ሙከራ ጥናት የፍሮይድን ሁለት ዓይነት ደስታ አፈረሱት። የአካሉ ሙሉ መልክ ግን በቅጡ የተጻፈው በ1998 ነው፤ አውስትራሊያዊቷ ቀዶ ሐኪም ሄለን ኦኮነል፣ የመማሪያ መጻሕፍቱ ሥዕል ጉድለት እንዳለበት አሳየች። በውጭ የሚታየው ጫፉ ብቻ ነው፤ ግንዱና ሁለት እግሮቹ ወደ ውስጥ ዘልቀው በአጥንቱ ግራና ቀኝ ይዘረጋሉ። ሰው ጨረቃን ከረገጠ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አልፎት ነበር!

ወደ አገራችን ስመለስ አንድ ነገር ያስደንቀኛል። ባልቴቶቻችን ያልተገረዘች ልጅ ዕቃ ትሰብራለች፣ አታርፍም፣ ባል አይበቃትም ይሉ ነበር። ምላጩን የያዙት እናቶች ቬሳሊየስ የማይረባ ያለው ነገር ለምን እንደሚረባ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር ማለት ነው፤ ባያውቁ ኖሮ ለምን ይቈርጡታል? በአማራና በትግራይ ብዙውን ጊዜ በተወለደች በሳምንቷ ገደማ፣ በከምባታ ደግሞ ለአቅመ ሔዋን ስትቃረብ ነበር የሚደረገው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ግርዛትን አንቀጽ ሰጥቶ ከለከለ። ያም ሆኖ በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል ይላል።

እነዚህ ሴቶች ከልጅነታቸው ጀምሮ «ከእንግዲህ ምንም የለሽም» ሲባሉ ኖረዋል። የመድማቱ፣ የመመርቀዙ፣ የወሊዱ ጣጣ እውነት ነው፤ ማቃለል አይገባም። ነገር ግን የኦኮነል ሥዕል ለእነርሱም ነው የተሣለው። በአገራችን በብዛት በሚፈጸመው የግርዛት ዓይነት ምላጩ የሚደርሰው ውጭ ያለው ላይ ነው፤ ግንዱም እግሮቹም በውስጥ እንዳሉ ይቀራሉ።