በክፍያ የሚሠሩ የእንግድነት ልውውጥ መድረኮችና የተጠቃሚዎች ቅሬታ፦ ለሸዋ ሮቢትና ለይፋት ቆላ እንግዳ ተቀባዮች የቀረበ መረጃ

የእንግድነት ልውውጥ መድረክ የሚባለው መንገደኛን በቤቱ ተቀብሎ ከሚያሳድር ሰው ጋር በኢንተርኔት የሚያገናኝ አገልግሎት ነው። ከሆቴልም ሆነ ቤትን በቀን ከሚያከራዩ ድረ ገጾች የሚለየው፣ እንግዳው ለአዳሩ ገንዘብ የማይከፍል፣ እንግዳ ተቀባዩም እንዳያስከፍል በመድረኩ ደንብ የተከለከለ በመሆኑ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «በክፍያ የሚሠራ» ሲባል ክፍያው የሚፈጸመው ለባለቤቱ ሳይሆን ለራሱ ለመድረኩ እንደሆነ መገንዘብ ያስፈልጋል። የቅሬታዎቹም ሥር ያለው እዚሁ ላይ ነው።

አሠራሩ ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 በዴንማርክ የተጀመረው ሰርቫስ የተባለው ማኅበር ከጦርነት በኋላ ሕዝብን ከሕዝብ ለማቀራረብ ሲል አባላቱን በቃለ መጠይቅ እየመረጠ በየቤቱ ያስተናግድ ነበር፤ ዛሬም ይሠራል። በዓለም ላይ በስፋት የታወቀው ግን ካውችሰርፊንግ ነው። ይህ መድረክ ኬሲ ፌንተን በተባለ አሜሪካዊና በባልደረቦቹ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብ ክፍት ሆነ። የሐሳቡ መነሻ መሥራቹ ወደ አይስላንድ ለመጓዝ ባሰበ ጊዜ ለ1,500 ያህል የአገሩ ተማሪዎች ማደሪያ እንዲሰጡት በኢሜይል መጠየቁ እንደሆነ ይነገራል።

ቅሬታው ከምን ተነሣ

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ የመድረኩ የመረጃ ቋት ተበላሽቶ አብዛኛው መረጃ ሲጠፋ መሥራቹ ሥራው ማብቃቱን አስታውቆ ነበር። መልሰው ያቆሙት ያለ ደመወዝ የሠሩ ተጠቃሚዎች ናቸው። ይህን ማስታወስ የሚያስፈልገው፣ ኋላ ላይ የተሰማው ምሬት ያለዚህ ታሪክ ስለማይገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት የበጎ አድራጎት ድርጅትነት እውቅና ከከለከለው በኋላ ካውችሰርፊንግ ወደ ንግድ ኩባንያነት ተለወጠ፤ 7.6 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላርም ከባለሀብቶች ሰበሰበ። በነጻ ጉልበታቸው የገነቡት ቤት ለሌላ ሰው ተሸጠ ብለው ያዘኑ አባላት ጥቂት አልነበሩም። በቀጣዩ ዓመት የጀርመን የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር የኩባንያው የአገልግሎት ውል የተጠቃሚዎችን የግል መረጃ በተመለከተ የያዛቸውን ድንጋጌዎች በይፋ ነቅፈዋል።

ከሁሉም በላይ ቅሬታ ያስነሣው ግን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 የተወሰደው እርምጃ ነው። የኮሮና ወረርሽኝ ጉዞን ሁሉ ባቆመበት ወቅት ኩባንያው ገቢው መንጠፉን ገልጾ በአብዛኞቹ ያደጉ አገሮች የሚኖሩ አባላት በወር 2.39 ወይም በዓመት 14.29 የአሜሪካ ዶላር እንዲከፍሉ አደረገ። ያልከፈለ አባል ወደ ራሱ ገጽ መግባት አልቻለም፤ የተላኩለትን መልእክቶችና ለዓመታት ያጠራቀማቸውን የእንግዶች ምስክርነቶች ማየት፣ ሌላው ቀርቶ ገጹን ማጥፋት ሲፈልግ እንኳ በመጀመሪያ የሚያጋጥመው የክፍያው ጥያቄ ነበር።

የገንዘቡ መጠን አነስተኛ ነው። አንድ መድረክ ለአገልጋይ ኮምፒውተሩና ለሠራተኞቹ ወጪ እንዳለበትም የሚከራከር የለም፤ በግልጽ ተነግሮ በቅድሚያ የሚጠየቅ ክፍያ በራሱ ጥፋት አይደለም። ቅሬታ አቅራቢዎቹን ያስቆጣው ክፍያው የተጠየቀበት ነገር ነው። አንድ ሰው ለወደፊት አገልግሎት እንዲከፍል መጠየቅና ቀድሞ የራሱ የሆነውን መልሶ ለማየት እንዲከፍል መጠየቅ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ከአባላቱ አንዳንዶቹ ለትርፍ ወዳልተቋቋሙ መድረኮች ተሻገሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ቢዌልከም፣ በ2014 የተጀመረው ትረስትሩትስ፣ እንዲሁም ከክፍያው ውሳኔ በኋላ በቀድሞ ተጠቃሚዎች የተመሠረተው ካውቸርስ ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ። ይሁንና ማንም የቀድሞ ምስክርነቱን ይዞ ለመሄድ የሚያስችል የተመቻቸ መንገድ አልነበረውም።

በይፋት መንገድ ላይ

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። መንገደኛው የጣርማ በርን ብርድና ጭጋግ አልፎ በደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርድ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከደጋ ወደ ቆላ ይገባል። ከተማዋ የመኪና ማቆሚያና የአልጋ ቤት እጥረት ያለባት ስላልሆነች በልውውጥ መድረክ በኩል የሚመጣ እንግዳ ማደሪያ አጥቶ አይመጣም። የሚፈልገው የሽንኩርቱንና የማሾውን ማሳ ከባለቤቱ ጋር መዞር፣ እሑድ ደግሞ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ወደሚገናኙበት ወደ ሰንበቴ ገበያ ከሚያውቅ ሰው ጋር መሄድ ነው።

የማይታወቅ እንግዳን በሚታወቅ ሰው በኩል መቀበል ለይፋት አዲስ አይደለም። ከታጁራ ወደብ በአፋር በረሃ በኩል የሚመጡ ነጋዴዎች ወደ ሸዋ ደጋ የሚወጡት በፋሬና በአልዩ አምባ በኩል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1841 የመጣው የእንግሊዝ መንግሥት ልዑክም ወደ አንኮበር የወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ወደ ቤተ መንግሥት የሚዘልቅ የውጭ አገር ሰው ባልደራባ ይመደብለት ነበር። ባልደራባው እንግዳውን ያስገባል፣ ጉዳዩን ያቀርብለታል፣ ስለ ጠባዩም ይጠየቃል። በዛሬው መድረክ ላይ የባልደራባውን ሥራ የሚሠራው ቀደም ብለው ያደሩ እንግዶችና የተቀበሏቸው ሰዎች የሚጽፉት ምስክርነት ነው። ልዩነቱ ባልደራባው ሰው በመሆኑ ሄዶ መጠየቅ የሚቻል ሲሆን፣ የዛሬው ምስክርነት ግን የሚገኘው በሌላ አገር በሚተዳደር ድርጅት እጅ ብቻ መሆኑ ነው።

ጉዳቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በሸዋ ሮቢት የሚኖር አንድ መምህር ለስድስት ዓመታት ሠላሳ መንገደኞችን ተቀብሎ አሳድሯል እንበል። ገንዘብ አልተቀበለም። በምትኩ ያገኘው ነገር ሠላሳ ሰዎች ስለ እርሱ የጻፉት መልካም ቃል ነው፤ ወደፊት ራሱ ሲጓዝ ደጅ የሚያስከፍትለትም ይኸው ነው። ክፍያው በመጀመሪያ ያረፈው ባደጉ አገሮች አባላት ላይ ስለሆነ ኢትዮጵያዊውን እንግዳ ተቀባይ አልነካውም ሊባል ይችል ይሆናል። ነገር ግን ለመምህሩ የማደሪያ ጥያቄ የላከለት መንገደኛ ካልከፈለ መልሱን ማንበብ አይችልም። በዚያው ዓመት ጉዞ በወረርሽኙ ቆመ፤ ቀጥሎም በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጦርነቱ እስከ ከተማዋ ደረሰ። እንግዳ በማይመጣባቸው እነዚያ ዓመታት እንዲህ ላለው እንግዳ ተቀባይ ከመድረኩ የቀረው ነገር የቀድሞው ምስክርነት ብቻ ነበር።

ክፍያው ወደዚህም አገር ተጠቃሚዎች የሚደርስ ከሆነ ሌላ ችግር ይከተላል። ዋጋው በዶላር ተተምኖ በውጭ ምንዛሪ ካርድ የሚፈጸም በመሆኑ፣ ከሰው ያላነሰ አቅምና ፍላጎት ያለው የይፋት ነዋሪ እንኳ በብር ሊከፍለው አይችልም። ብዙውን ጊዜ መፍትሔው በውጭ አገር ያለ ዘመድ እንዲከፍልለት መለመን ይሆናል።

ሕጉ ምን ይላል

ይህ የዘመድ ክፍያ በሕግ ፊት የሚያስከትለው ለውጥ አለ ወይ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ማለት ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ ዕቃ ወይም አገልግሎት የሚሸምት የተፈጥሮ ሰው ሲሆን፣ ዋጋውን እርሱ ቢከፍልም ሌላ ሰው ቢከፍልለትም ሸማችነቱ አይቀርም። ስለሆነም በዘመድ ካርድ የተከፈለለት ተጠቃሚም ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ለደረሰበት ጉዳትም ካሣ የመጠየቅ መብት አለው። ምንም ሳይከፍል የቆየው እንግዳ ተቀባይ ግን ሸማች ነኝ ብሎ ለመከራከር ይቸገራል። ለእርሱ ይበልጥ የሚጠቅመው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ባለመብቱ ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየት፣ ስሕተቱን የማሳረም፣ የማስሰረዝና ወደ ሌላ የማዛወር መብቶች ተሰጥተውታል፤ አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብም መረጃን የማየት ጥያቄ በመርሕ ደረጃ ያለ ክፍያ መስተናገድ እንዳለበት ይደነግጋል።

መብት መኖሩና መብትን ማስከበር ግን አንድ አይደሉም። በኢትዮጵያ ቢሮም ሆነ ወኪል የሌለው ኩባንያ ላይ የአገር ውስጥ ውሳኔ ማስፈጸም እጅግ አዳጋች ነው። ተጠቃሚው ከክርክር በፊት ሊያደርገው የሚገባው ጥንቃቄ ከማናቸውም አቤቱታ ይልቅ ዋጋ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመክፈል በፊትና በኋላ

ማንኛውም እንግዳ ተቀባይ ገጹ ክፍት ሆኖ ሳለ ስለ እርሱ የተጻፉትን ምስክርነቶች ቢያንስ በፎቶ አንሥቶ ከመድረኩ ውጭ ማስቀመጥ ይኖርበታል። መድረኩ «መረጃህን አውርድ» የሚል አገልግሎት ካለው በዚያው ቢጠቀም ይመረጣል። ካደሩ እንግዶች ጋርም በስልክ ወይም በኢሜይል መተዋወቅ ይጠቅማል፤ የመድረኩ በር ቢዘጋ እነርሱ ራሳቸው በሌላ ቦታ ሊመሰክሩለት ይችላሉና። ክፍያ የሚጠየቅ ከሆነ ክፍያው በየወሩ ወይም በየዓመቱ በራሱ የሚታደስ መሆን አለመሆኑን፣ የሚቋረጠውም እንዴት እንደሆነ አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል። በስልክ መተግበሪያ በኩል የተጀመረ ክፍያ መተግበሪያውን ከስልክ በማጥፋት ብቻ አይቋረጥም።

መክፈል የእንግዳውን ማንነት ዋስትና እንደማይሰጥም ሊሰመርበት ይገባል። ካርዱ ገንዘብ እንዳለው እንጂ ሰውዬው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አይናገርም። የቪዛ ግብዣ ደብዳቤ አስቀድሞ የሚጠይቅ፣ ለጉዞው ገንዘብ እንዲላክለት የሚለምን ወይም ከመድረኩ ውጭ በሚስጥር እንነጋገር የሚል ሰው ሲያጋጥም ነገሩን እዚያው ማቋረጥ ይሻላል። እንግዳው ሲደርስ ፓስፖርቱን ማየትና ለቀበሌ ማሳወቅ ነውር አይደለም፤ ድሮም ቢሆን በፋሬ የደረሰ መንገደኛ ሳይጠየቅ አላለፈም። ከደጋ ወይም ከውጭ ለመጣ ሰው ስለ ቆላው ወባ መንገርና አጎበር መስጠትም የመስተንግዶው አካል ነው።

አንዳንድ እንግዳ ተቀባዮች በልውውጥ ስም ቆይተው ለአዳሩ ዋጋ ወደ መጠየቅ ይሸጋገራሉ። ይህ ሲሆን ሁለት ነገር ይለወጣል። አንደኛ የመድረኩን ደንብ ይጥሳሉ፤ በዚህ ምክንያት ገጻቸው ቢዘጋ ቅሬታቸው ተቀባይነት አያገኝም። ሁለተኛ በገንዘብ ማሳደር የንግድ ሥራ ስለሆነ በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ፈቃድ ማውጣት ይጠበቅባቸዋል። ቤታቸውን ለቱሪስት ማዘጋጀት የሚፈልጉ የአካባቢው ነዋሪዎች ይህን መንገድ በግልጽ ቢይዙ ይጠቀማሉ እንጂ አይጎዱም።

ቅሬታ አቀራረብ

ቅሬታ በመጀመሪያ በጽሑፍ ለራሱ ለመድረኩ ይቀርባል። በጽሑፉ ላይ የተከፈለበት ቀንና መጠን፣ ከክፍያው በፊት የተሰጠው መግለጫና ተጠቃሚው የሚጠይቀው መፍትሔ በአጭሩ ይገለጻል። ቅሬታው ስለ ግል መረጃ ከሆነ «መረጃዬ ይሰጠኝ» ወይም «መረጃዬ ይሰረዝልኝ» የሚለው ጥያቄ ከገንዘቡ ጉዳይ ተለይቶ ቢጻፍ ምላሹን ለመከታተል ያመቻል። ኢሜይሎች፣ የክፍያ ደረሰኞችና የገጹ ፎቶዎች መጠበቅ አለባቸው፤ በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤቱን አያጣም።

መድረኩ ካልመለሰ ወይም መልሱ ካላረካ፣ የሸዋ ሮቢትና የአካባቢው ወረዳዎች ነዋሪዎች የሸማችነት ቅሬታቸውን በየአካባቢያቸው ለሚገኘው የንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይችላሉ። በፌዴራል ደረጃ ቀድሞ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ይከናወን የነበረው ሥራ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተላልፏል። ያለ ፈቃድ የተቆረጠ ክፍያ ሲያጋጥም ግን ከእነዚህ ሁሉ በፊት ካርዱን የሰጠው ባንክ ወዲያውኑ እንዲያውቀው መደረግ አለበት። ክፍያው የተፈጸመው በውጭ አገር ባለ ዘመድ ካርድ ከሆነ ለባንኩ ማመልከት የሚችለው የካርዱ ባለቤት ራሱ ነው።